የማትንከባለል ኳስ

በትምህርት ቤቶች የሳይንስና ፈጠራ ኤግዚቢሽን ላይ እንግዶች የትኛውን ጠረጴዛ እንደሚከቡ አስቀድሞ መናገር ይቻላል። ሠንጠረዡ በባለ ቀለም እስክሪብቶ የተሰመረው፣ ግራፉ ነጥቦቹን ሁሉ እየነካ የሚያልፈው፣ ከግርጌው «ስህተት፦ 0.2 በመቶ» የሚል በቀይ የተጻፈበት ጠረጴዛ ነው። «ጎበዞች!» ይባላል፤ ፎቶ ይነሳል። ከጎኑ ሌላ ቡድን ቆሟል። የተጨማደደ ወረቀት በፕላስተር ለጥፏል፤ ወረቀቱ ላይ አሥር ጥቁር ነጥቦች ተበታትነዋል፤ ያገኘው ርቀት ከቀመሩ በ13 ሴንቲሜትር ያንሳል። ወደዚህኛው የሚጠጋ ሰው ካለ «የት ላይ ተሳሳታችሁ?» ለማለት ነው።

ይህ በካፋ ሲሆን ይበልጥ ያናድዳል። የካፋን ማር የሚያውቅ ሰው ሰፈፍ የማይታይበት፣ የንብ ክንፍ የማይገኝበት፣ ከአፍ እስከ ታች የጠራ ማር ሲቀርብለት ስኳር ይጠረጥራል። ያው ሰው ልጁ ከትምህርት ቤት ያመጣውን የላብ ሪፖርት ሲያይ ግን ጥራቱን አይቶ ይመርቃል።

ነገሩ የ11ኛ ክፍል የፕሮጀክታይል ሞሽን ሙከራ ነው። የብረት ኳስ ዘንበል ካለ ሐዲድ ላይ ትለቀቃለች፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ስትደርስ በአግድም ትወጣለች፤ ወለል ላይ በካርቦን የተሸፈነ ወረቀት ላይ ወድቃ ምልክት ትተዋለች። ኳሷ ከጋራዥ፣ ካረጀ ኩሽኔታ ውስጥ ትወጣለች። ሐዲዱ ከአንግል ብረት ወይም ከጣውላ ይሠራል። ቱንቢ ይጣላል፣ ውሃ ልክ ይደረጋል፣ ርቀቱ ከቱንቢው ጫፍ እንጂ ከጠረጴዛው እግር አይለካም፣ ከፍታው ከኳሷ ሆድ እስከ ወለሉ ነው። ይህን ያልሠራ ተማሪ ገና ሙከራ አልጀመረም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ማቆም አያስፈልግም።

ሰዓት መያዝም እንዲሁ። 80 ሴንቲሜትር ከፍታ ካለው ጠረጴዛ የወደቀች ኳስ ወለል ለመድረስ 0.40 ሰከንድ ገደማ ይበቃታል። የሰው እጅ የስልክ ሰዓት ለማስነሳትና ለማቆም የሚዘገየው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። በዚያ ላይ የካፋዋ ቦንጋ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ቆርቆሮው ማጓራት ከጀመረ የኳሷን ድምፅ ሰምቶ ሰዓት አቆማለሁ ማለት ቀልድ ነው። ስልክ መጠቀም የሚፈልግ ካሜራውን ይጠቀም። በሰከንድ 30 ምስል በሚያነሳ ስልክ ውድቀቱ በ12 ምስሎች ይከፋፈላል፣ 240 በሚያነሳው ደግሞ በ97። ለዚህ መልሱ አጭር ነው፦ በእጅ ሰዓት ተይዞ 0.40፣ 0.41፣ 0.40 የሚል ዓምድ ያለበት ሪፖርት ሳይነበብ ይመለሳል።

ሌላም ትንሽ ምልክት አለ። የመሬት ስበት ፍጥነት ለውጥን ለካን የሚሉ ቡድኖች ብዙ ጊዜ 9.81 ይዘው ይመጣሉ። 9.81 የፓሪስ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 የመለኪያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ያጸደቀው 9.80665ም የስምምነት ቁጥር እንጂ የየአገሩ ልኬት አይደለም። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ብቻ ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠችው ቦንጋ የሚደርሳት ወደ 9.78 ይጠጋል። ልዩነቱ የትምህርት ቤት መሣሪያ የሚያየው አይደለም፤ ስለዚህ 9.81 ያመጣ ቡድን ሁሉ ዋሸ አይባልም። 9.81ን አምስት ጊዜ በተከታታይ ያመጣ ግን መጽሐፉን ለክቷል።

እነዚህ ሁሉ ጥቃቅን ናቸው። ዋናው ጉድለት ሌላ ነው፤ ገምጋሚ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ እንኳ እሱን ብቻ ቢያውቅ ይበቃዋል።

ተማሪው ቀመር ያወጣል። ኳሷ ከ20 ሴንቲሜትር ከፍታ ወርዳ፣ ከ80 ሴንቲሜትር ጠረጴዛ ላይ ብትዘል ምን ያህል ትርቃለች? የቦታ ኃይሏ ሁሉ ወደ ፍጥነት ተለወጠ ይላል፤ ያንን በውድቀቱ ጊዜ ያባዛል፤ ርቀቱ የሁለቱ ከፍታዎች ብዜት ካሬ ሥር እጥፍ ይሆናል። 20 ሲባዛ በ80 እኩል 1,600፣ ካሬ ሥሩ 40፣ እጥፉ 80 ሴንቲሜትር። የስበቱ ቁጥር እዚህ ስሌት ውስጥ ተጣፍቶ ስለሚወጣ 9.8 ይሁን 10 ብሎ መከራከር እንኳ አያስፈልግም። ውበቱም ይህ ነው፤ ወጥመዱም ይህ ነው። ከዚያ ተማሪው ወደ ሠንጠረዡ ይሄድና 79.8፣ 80.1፣ 80.0፣ 79.9፣ 80.2 ብሎ ይሞላል። አማካዩ 80.0። እንግዶቹ ያጨበጨቡት ለዚህ ነው።

ኳሷ ግን ተንከባለለች እንጂ አልተንሸራተተችም። የምትንከባለል ኳስ ወደፊት ለመሄድ ብቻ ሳይሆን በራሷ ዙሪያ ለመሽከርከርም ኃይል ታወጣለች። ድፍን ኳስ ከሆነች ከሰባት እጅ ሁለቱ እጅ ለሽክርክሪቱ ይሄዳል፤ ለጉዞው አምስቱ እጅ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ርቀቱ 80 ሊሆን አይችልም፤ ቢበዛ 67.6 ሴንቲሜትር ነው። እሱም ጠፍጣፋ ሐዲድ ላይ ነው። ሐዲዱ ሁለት ጎኑ ቀጥ ያለ ማዕዘን የሚሠራ አንግል ብረት ከሆነና ኳሷ ቦዩ ውስጥ በሁለቱ ጎኖች ላይ ተደግፋ ከወረደች ለተመሳሳይ ጉዞ ይበልጥ ስለምትሽከረከር ርቀቱ ወደ 60 ይወርዳል። ሰበቃው ደግሞ ከዚያም ላይ ጥቂት ይቀንሳል። ከእነዚህ ቁጥሮች ዝቅ ማለት ያለ ነው። ከፍ ማለት ግን መጠየቅ አለበት፤ 80 መድረስ ደግሞ ምላሽ የለውም።

ለዚህ ነው ጥሩ ገምጋሚ ከሠንጠረዡ በፊት ሐዲዱን የሚያየው። ጠፍጣፋ ነው ወይስ ቦይ አለው? በጣም ቁልቁል ነው? እጅግ ቀጥ ባለ ሐዲድ ላይ ኳስ መንከባለሏን ትታ በከፊል ልትንሸራተት ትችላለች፤ በዘይት የተለወሰ ገደል ላይ ለቅቀናት ነው የሚል ቡድን ካለ ሐዲዱን ያምጣና ይታይ። እስካሁን ያመጣ የለም።

ሰበብ ግን ይመጣል። አንደኛው «ጠረጴዛው ትንሽ ወደ ላይ አዘንብሎ ነበር፣ ለዚህ ነው ርቃ የሄደችው» የሚል ነው። ከሰበቦች ሁሉ ይህ የተሻለው ስለሆነ መልስ ይገባዋል። የሐዲዱ አፍ በ2 ዲግሪ ወደ ላይ ቢቀና ርቀቱ በ1 ሴንቲሜትር ያህል ይጨምራል፤ እውነት ነው፣ ሊጠነቀቁት የሚገባ ስህተት ነው። ነገር ግን ጠፍጣፋ ሐዲድ ላይ ተንከባላ ባገኘችው ፍጥነት የወጣች ኳስ በየትኛውም ማዕዘን ብትተኮስ ከዚያ ጠረጴዛ ልትደርስ የምትችልበት የመጨረሻ ርቀት 73 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አፉን እንደፈለጉ ቢያቀኑት፣ ቢያዘነብሉት 80 ላይ አያደርስም። ሁለተኛው ሰበብ አየሩ ነው፤ የአየር ሰበቃ ግን የብረትን ኳስ በዚህች አጭር ጉዞ ከ1 ሚሊሜትር እምብዛም በላይ አያጓድላትም፤ ደግሞስ አየር ያስቀራል እንጂ መቼ ያስረዝማል?

ሕጉ እንግዲህ ይህ ነው፤ ይግባኝ የለውም። የምትንከባለል ኳስ ይዞ የመጽሐፉን የተንሸራታች ቁጥር ያመጣ ሠንጠረዥ ጠረጴዛ ላይ አልተወለደም፤ ደብተር ላይ ነው የተወለደው።

በዚህ ላይ የሚጠቀስ አንድ አሮጌ ወረቀት አለ። ጋሊሊዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1608 ገደማ ይህንኑ ሙከራ ሠርቶ ውጤቱን የጻፈበት ገጽ ፍሎረንስ ባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የታሪክ ተመራማሪው ስቲልማን ድሬክ አሳትሞ እስኪያወጣው ድረስ ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። መለኪያው ፑንቶ ይባላል፤ ከሚሊሜትር ጥቂት ያንሳል። የጠረጴዛው ከፍታ 828። ኳሷ ከ300 ከፍታ ስትለቀቅ 800 ርቃ ወደቀች። ከዚያ ጋሊሊዮ በዚህ በመጀመሪያው ልኬት ተነስቶ ሌሎቹ ምን መሆን እንደሚገባቸው አሰላ፦ ከ600 ከፍታ 1131 መሆን ሲገባው 1172 ሆነ፤ ከ800 ከፍታ 1306 ሲጠበቅ 1328፤ ከ828 ከፍታ 1330 ሲጠበቅ 1340፤ ከ1000 ከፍታ 1460 ሲጠበቅ 1500። ልዩነቶቹንም እዚያው በእጁ ጻፋቸው፦ 41፣ 22፣ 10፣ 40።

ሰውየው ንድፈ ሐሳቡን የሚወድ፣ ተከራካሪም ሰው ነበር። 1172ን ፍቆ 1135 ቢያደርገው የሚያየው አልነበረም። አላደረገውም። አራቱም ልዩነቶች ወደ አንድ ወገን መሆናቸውን ላስተዋለ ሰው ደግሞ ገጹ የበለጠ ይናገራል፦ የሁሉ መነሻ የሆነው የመጀመሪያው ልኬት ትንሽ ያጠረ ይመስላል። ይህን ዛሬ ማለት የተቻለው ቁጥሮቹ ስላልተነኩ ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን 800ው ነው። የ300ና የ828 ብዜት ካሬ ሥር እጥፍ 997 ይሆናል፤ ተንሸራታች ኳስ ብትሆን መድረስ የነበረባት እዚያ ነው። የጋሊሊዮ ኳስ የደረሰችው 80 በመቶው ላይ ነው። ጠፍጣፋ ሐዲድ 84.5 በመቶ ይሰጣል፣ ቀጥ ያለ የአንግል ብረት ቦይ 74.5 በመቶ። 80 በመካከላቸው ይወድቃል። ስለ መሽከርከር ኃይል ገና ማንም ቀመር ባልጻፈበት ዘመን የተመዘገበ ቁጥር፣ ኳሷ መንከባለሏን ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ይመሰክራል። ዛሬ ቀመሩ በሞላበት ክፍል ውስጥ የሚጻፈው 80.0 ምንም አይመሰክርም።

ካፋ ራሷ የሐሰት ዘገባ ክስ የተነሳባት አገር መሆኗን ስንቱ ያውቃል? የፈረንሳይ ዜግነት የነበረው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ቦንጋ ደርሶ ነበር፤ በእናርያ ንጉሥ በአባ ባጊቦ ዘመን፣ ለንጉሡ ሙሽራ ሊያመጣ ከሄደው መልእክተኛ ጋር ነው የገባው። ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1850 ለንደን ላይ አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ ዳባዲ ካፋ አልደረሰም፣ ጉዞው ተፈጥሮ የተጻፈ ነው አለ። ክርክሩ መራራ ነበር። ዳባዲ በእርግጥም አንድ ትልቅ ነገር ተሳስቷል፦ የነጭ አባይን ምንጭ በጊቤ አካባቢ አገኘሁ ብሏል፤ የጊቤ ውሃ ግን ወደ ኦሞ ነው የሚሄደው። ይሁንና ሰውየው በየኮረብታው ላይ በቴዎዶላይት የያዛቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ማዕዘኖች፣ እንደያዛቸው፣ «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» በተባለው ሥራው አትሞ አወጣ። መደምደሚያውን የማይቀበል ሰው ማዕዘኖቹን ወስዶ ራሱ ማስላት ይችላል። ታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬ ካፋ መድረሱን አይጠራጠሩም። ስለ አባይ የተናገረው ወድቋል፤ የለካው ቆሟል።

ከዚህ የሚወጣው ሁለተኛው ሕግ ነው፦ ካርቦኑ ምልክት ያሳረፈበት ወረቀት ከሪፖርቱ ጋር በስቴፕለር ይያዝ። ግልባጭ አይሆንም፤ «በንጹህ የተገለበጠ» የሚባለው ነገር ሁሉ የሚበላሸው በግልበጣው ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ የነጥቦቹ መበተን ይታያል፤ ጥቂት ሚሊሜትር ርዝመቱ ላይ፣ ከዚያ ያነሰ ደግሞ ወደ ጎን። አንዲት ነጥብ ለብቻዋ ርቃ ከወደቀች ትቆያለች፤ ጎኗ ላይ «እጄ ገፋት» ተብሎ ይጻፋል እንጂ አትሰረዝም። ወረቀቱ ካፋ ውስጥ እርጥበት ይጠጣል፣ ይጨማደዳል፣ የጣውላው ሐዲድም ከክረምት እስከ በጋ ይጎብጣል። ይህ ሁሉ ይጻፍ። ቁጥር ብቻ ያለበት ሪፖርት ግማሽ ሪፖርት ነው።

የመጨረሻዋ አሃዝም ትናገራለች። ማስመሪያው ሚሊሜትር አለው፤ ስለዚህ አሥር ልኬት ውስጥ የመጨረሻው አሃዝ ሁሌ 0 ወይም 5 ከሆነ ተማሪው በዓይኑ ገምቷል። ጨርሶ 0 እና 5 ከሌለበት ደግሞ ሊያስጠረጥር ይችላል፤ ፈጥሮ የሚጽፍ ሰው «የተጠጋጋ እንዳይመስልብኝ» ብሎ ሊሸሻቸው ይችላልና።

በጅማ መስመር ለረጅም ዘመን በላብራቶሪ ቴክኒሻንነት የሠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ላጲስ በር ላይ ይሰበስባሉ፤ ፍሉድ ይዞ የተገኘ ከነቡድኑ ይወጣል። ለሐዲዱ ውሃ ልክ ከማምጣታቸው በፊት ኳሷን አፉ ላይ ያስቀምጧትና እጃቸውን ያነሳሉ፤ ሳትነቃነቅ ከቆመች «እሺ፣ ቀጥል» ይላሉ፣ ወደየትም ከዞረች የጠረጴዛው እግር ስር ካርቶን ይገባል። ኳሷን በጣት መልቀቅ አይፈቅዱም፦ ማስመሪያ ከፊቷ ይደቀናል፣ ማስመሪያው ብቻ ይነሳል። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። በአንድ ድምፅ የምትወርድ ኳስ ትንከባለላለች፤ የምትንኳኳ ኳስ ሐዲዱ መገጣጠሚያ ላይ ትዘላለች፣ የእሷ ልኬት አይያዝም። ቡድኑ ውጤቱን ሲያሳያቸው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ሦስተኛዋ ነጥብ የትኛዋ ናት?» ነጥቦቹን በተራ ቁጥር ያልጻፈ ቡድን መልስ የለውም። ያልለካ ቡድንማ ጥያቄውም አይገባውም።

የሳቸው ዘመን ሰዎች ማስተማሪያውን ከወዳደቀ ነገር የሚሠሩ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ሙከራው ወደ ስክሪን ወጣ፤ ኳሷ እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ በትክክል ትወድቅ ነበር፣ ተማሪውም ይገለብጥ ነበር። ዛሬ ደግሞ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተሠሩት የፌት ሲሙሌሽኖች አሉ። ሲሙሌሽን ሐሳቡን ለማስረዳት ግሩም ነው፤ ኢንተርኔት ባለበት ሁሉ ይጠቀሙበት። ከሲሙሌሽን የተወሰደ ቁጥር «ለካን» ተብሎ ሲቀርብ ግን ይታወቃል፦ ሦስት ጊዜ ቢደገም ሦስቴም እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ ነው።

ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፤ ለተበተነ ነጥብ የሚሰጥ ማርክ የለውም። በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ አንዱ ይሠራል፣ የቀሩት ይገለብጣሉ። መምህሩም ሪፖርቱን ሲያርም መልሱ ወደ መጽሐፉ በቀረበ ቁጥር ማርክ ይጨምራል፤ 67 ላመጣችው ልጅ ከ10 ውስጥ 6፣ 80 ለጻፈው 10 ይሰጣል። ልጅቷ በሁለተኛው ሙከራ ምን ትጽፋለች ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። እርማቱ መገልበጥ አለበት፦ ሰባቱ ማርክ ለወረቀቱና ለማስታወሻው፣ ሦስቱ ለስሌቱ።

የኤግዚቢሽን ዳኛ ጊዜ ከሌለው፣ ፊዚክስም ከረሳ፣ አንድ መፈተኛ ይበቃዋል። ኪሱ ውስጥ ብይና የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ይዞ ይሂድ። ቡድኑን «ከብረቷ ኳስ ይልቅ ብይዋ የት ትወድቃለች?» ብሎ ይጠይቅ። የፈጠረ ቡድን «ብረቷ ከባድ ስለሆነች ትርቃለች» ይል ይሆናል። ሁለቱም ድፍን ስለሆኑ ክብደታቸው ምንም ያህል ቢለያይ ጠፍጣፋ ሐዲድ ላይ የሚወድቁት አንድ ሰፈር ነው፤ ሁለቱንም ለቆ የሞከረ ልጅ ይህን ሳያስብ ይመልሳል። የቴኒሷ ኳስ ግን ሆዷ ባዶ ነው፤ ከኃይሏ ለሽክርክሪት የምታወጣው ከአምስት እጅ ሁለት እጅ ስለሆነ ቢበዛ 62 ሴንቲሜትር ላይ ትቀራለች፣ ቀላል በመሆኗም አየሩ ከዚያ ያጓድላታል። 80 የጻፈው ቡድን ቀመሩን ብቻ ከያዘ ደግሞ ለሦስቱም 80 ይላል። ሐዲዱና ካርቦኑ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ካሉ፣ ሦስቱንም ኳሶች ሦስት ሦስት ጊዜ አስለቅቆ ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።